«ሎል»ን ከእናቴ ጋር እንዴት እንደፈታነው
እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ማታ ሥራዋን ስትጨርስ በቤተሰብ ግሩፓችን ትጽፍልናለች። እናቴ ደሴ፣ ሆጤ ካለው ቤታችን ሆና መልእክቱን ራሷ ማንበብ ትወዳለች፤ በሌላ ሰው አፍ ሲነበብላት ልጇ የበለጠ የራቀች ይመስላታል።

አንድ ቀን «ትንሽ አሞኝ ነበር ሎል» የሚል መጣ። እናቴ ስልኩን እንደያዘች ወደ እኔ መጥታ «ሎል የሚሉት ኪኒን ለምን በሽታ ነው የሚሰጡት?» አለችኝ።

ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ምህጻር ነው፤ «ጮክ ብዬ እየሳቅሁ ነው» የሚል ሐሳብ ካላቸው ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተሠራ። ኢንተርኔት እንዲህ ሳይስፋፋ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር የሚጻጻፉ ሰዎች ለመዱት፤ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም በ2011 እ.ኤ.አ. አስገባው። ይህን ሁሉ ብነግራት ግን «ታዲያ ታምማ ምን ያስቃታል?» ማለቷ አይቀርም፤ ልክም ናት።

ስለዚህ ፍቺውን ትቼ አገባቡን ያዝኩ። በግሩፑ መፈለጊያ ላይ ቃሉን ጻፍኩና እህቴ የተጠቀመችበትን መልእክት እየከፈትን ቡና ላይ አብረን አነበብን። ከላዩ ምን ተጠይቃ እንደነበረ፣ ከታቹ ምን እንደመለስንላትም ጭምር፤ መስመሩ ብቻውን ሲወጣ ምንም አይናገርም።

ያገኘነው ነገር አስገረመኝ። እህቴ የምር ስትስቅ «ሎል» አትልም፤ «ኪኪኪኪ» ወይም «በሳቅ ሞትኩ» ነው የምትለው። «ሎል» የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው፦ «እንግዳ አለ፣ ዛሬ እንቅልፍ የለም ሎል»። «እግሬ ትንሽ አብጧል ሎል»። «የዚህ ወር ደሞዝ ገና ነው ሎል»። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ «እኔ እንዳልደነግጥ ነው እንዲህ የምትለው» አለች። ከእኔ ቀድማ ደረሰችበት።

አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ጆን ማክዎርተር በ2013 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር የተናገረውም ከዚህ አይርቅም። ቃሉ ሳቅነቱን እየተወ፣ በሚጻጻፉት መካከል መተሳሰብንና መግባባትን ማሳያ ሆኗል ነው የሚለው። ፊት ለፊት ብንሆን ድምፃችንን ለስለስ አድርገን «ምንም አይደል እኮ» የምንለውን ጽሑፍ ላይ ድምፅ ስለሌለ «ሎል» ይሸከመዋል።

እናቶች ይህን መጠየቅ ሊያፍሩ አይገባም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሮን እንኳ «ብዙ ፍቅር» ማለት መስሏቸው በመልእክታቸው መጨረሻ ይጽፉት እንደነበር የጋዜጣ አዘጋጅ የነበረችው ሬቤካ ብሩክስ በ2012 እ.ኤ.አ. በምርመራ ጉባኤ ፊት ቀርባ መስክራለች። ቋንቋው የራሳቸው ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ሰው ውጭ አገር ያላችሁ ሁሉ ይህን መንገድ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። ግን የአንዱን አጻጻፍ በሌላው አትፍረዱ። ኮምቦልቻ ያለው የአጎቴ ልጅ «ደረስኩ ሎል»፣ «እሺ ሎል» ይላል፤ ለእሱ ቃሉ እንደ አራት ነጥብ ነው፣ ከጀርባው የተደበቀ ነገር የለም። ለቅሶ በተነገረበት መልእክት ሥር ግን እሱም አይጽፈውም። እህቴ ጋ ደግሞ ቃሉ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ከፊቱ ያለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን እናቴ «ሎል» ያለበት መልእክት ካየች እህቴ ከሥራ የምትወጣበትን ሰዓት ጠብቃ ትደውላለች። መጀመሪያ «አብሽሪ ልጄ» ትላታለች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ነገሩ ትገባለች፦ እግርሽ ተሻለሽ? ደሞዙስ? ደሞዟ ሁለት ወር እንደተያዘባት የሰማነው እንዲህ ተጠይቃ ነው።