የአውሮራ ውሃ የሚያልፍበት ሐይቅ ዳር ማደር

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው በተለይ ለዴንቨርና ለአውሮራ ሀበሾች ነው፣ ሌላ ስቴት ያላችሁም ግን አንብቡት፣ ምክንያቱም ኮሎራዶ ቤተሰብ ልትጠይቁ ስትመጡ የምታዩት ዳውንታውንና ሬድ ሮክስ ብቻ መሆን የለበትም። እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖረው ተራራውን ከሃቫና ጎዳና ላይ ሆነው በሩቁ ብቻ የሚያዩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ቢሄዱም ጠዋት ሄደው ማታ መመለስ ነው፣ ስጋ ተጠብሶ ፎቶ ተነስቶ ወደ ቤት። እንደር ስትላቸው "ምን ቤት አጣን ብለን ነው ጫካ የምናድረው" ይላሉ። እኔ ደሞ ማደሩ ነው ዋናው ነው የምለው፣ ተራራ ላይ ቀኑ የቱሪስት ነው፣ ከአመሻሹ አስራ አንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም መኪናውን አስነስቶ ሲወርድ ነው ቦታው ለቀሩት ሰዎች የሚሆነው።

የኛ ቤተሰብ ቦታ ቱርኳይዝ ሌክ ነው፣ ከሌድቪል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለው። አይ 70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ወደ ምዕራብ፣ የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፋችሁ (በ1973 ነው የተከፈተው፣ ከላያችሁ ያለው ተራራ የአሜሪካን ውሃ ለሁለት የሚከፍለው ነው፣ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ)፣ ከዛ ኮፐር ማውንቴን ጋ ኤግዚት 195 ወጥታችሁ በ91 መንገድ ፍሪሞንት ፓስን መሻገር ነው። ፓሱ ላይ ክላይማክስ የሚባለው ትልቁ የሞሊብደነም (ብረት ለማጠንከር የሚጠቅም ነገር) ማዕድን አለ፣ ተራራው ግማሹ ተበልቶ ታዩታላችሁ። ትራፊክ ከሌለ ሁለት ሰዓት ምናምን ነው፣ አርብ ከሰዓት ከወጣችሁ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፣ ሐሙስ ማታ ወይ አርብ ጠዋት ውጡ።

ሌድቪል 3,094 ሜትር ላይ ነው ያለችው። ሐይቁም 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ዙሪያውን ደሞ በጥድ ደን የተሸፈኑ በርከት ያሉ ካምፕግራውንዶች አሉ፣ ቤቢ ዶ፣ ሞሊ ብራውን፣ ፋዘር ዳየር፣ ሜይ ኩዊን እያለ ይቀጥላል። ጥዱ ሎጅፖል ፓይን የሚሉት ነው፣ ቀጥ ያለ ቀጭን ረጅም፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ላይ ላይ ስለሆነ ከስር ድንኳን ለመትከል ይመቻል። የዚህ ዛፍ ነገር በጣም ይገርመኛል፣ ብዙዎቹ ፍሬዎቹ በሙጫ ተጣብቀው ዓመታት ዛፉ ላይ ይቆያሉ፣ እሳት ሲመጣ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠውና ዘሩ የሚራገፈው ያኔ ነው። ልጆቼ አንዱን ከመሬት አንስተው በእጃቸው ሊከፍቱት ቢታገሉ ቢታገሉ አልቻሉም፣ እንደ ድንጋይ ነው።

እናቴን ይዘናት ስንሄድ ከመኪና ወርዳ ጋቢዋን እያጣፋች ዙሪያውን አየችና "አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ደጋ ነው" አለችኝ። እሷ ደብረ ብርሃን ነው ያደገችው፣ ያ 2,800 ምናምን ሜትር ነው፣ እዚህ ከዛም ይበልጣል። አፈሩን ሸተተች፣ ንፋሱን አየች፣ "ሌሊት ውርጭ አለ" አለች፣ ልክ ነበረች፣ ጠዋት ስንነሳ የመኪናው መስታወት ላይ ስስ ነጭ ነገር ነበር፣ በበጋ መሃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ይሄ ሐይቅ ግድብ ነው። ሹገር ሎፍ የሚባል የአፈር ግድብ ነው የያዘው፣ ድሮም ትንሽ ሐይቅ ነበር፣ በ1960ዎቹ ግን ፍራይንግፓን አርካንሳስ በሚባለው የፌዴራል ፕሮጀክት እንዲሰፋ ተደረገ፣ ፕሮጀክቱን በ1962 የፈረሙት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ናቸው። የኮሎራዶ ችግር ምን መሰላችሁ፣ በረዶው በብዛት የሚወርደው ከተራራው በስተምዕራብ ነው፣ ሰዉ ደሞ በብዛት የሚኖረው በስተምስራቅ ነው፣ እኛ ጋ። ስለዚህ ተራራውን ከስር በስተው ውሃውን ወደዚህ ያመጡታል። ቱርኳይዝ ሌክ ላይ እንደዚህ አይነት ዋሻዎች ይመጣሉ፣ ሁለቱ ቡስቴድ እና ሆምስቴክ ይባላሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ5 ማይል በላይ ርዝመት አላቸው። የሆምስቴኩ ውሃ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአውሮራና የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተሞች ነው። ከምዕራብ በኩል ካለው ሆምስቴክ ግድብ በዋሻው ወደ ቱርኳይዝ ይገባል፣ ከዛ በቧንቧ ወደ ትዊን ሌክስ፣ ከዛ ኦቴሮ የሚባል ፓምፕ ጣቢያ አንስቶ ተራራ ያሻግረዋል፣ የአውሮራው ድርሻ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ደርሶ እየወረደ ወደኛ ይመጣል። አውሮራ ሌላም የውሃ ምንጭ አላት፣ ይሄ ግን ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ቤታችሁ ጀበና ውስጥ የምትሞሉት ውሃ፣ የሽሮው ውሃ፣ ልጆቹን የምታጥቡበት፣ አንዱ መንገዱ በዚህ ሐይቅ ነው።

ይሄን ለእማዬ ሳስረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፣ ገና ሳልጨርስ "እንደ ጣርማ በር በያ" አለችኝ። ልክ ናት፣ ደብረ ብርሃን በኩል የዘነበው በበሬሳ አድርጎ ጀማ ገብቶ አባይ ይሆናል፣ ከጣርማ በር ገደል ወዲያ የወረደው ደሞ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፣ አንድ ደመና ለሁለት ይካፈሉታል። እዚህም ያው ነው፣ ወዲያ ያለው ወደ ኮሎራዶ ወንዝ፣ ወዲህ ያለው ወደ አርካንሳስ። ልዩነቱ እዚህ ሰው ገብቶ ድርሻውን መቀየሩ ነው። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን እስካሁን ውስጤ አለ፣ "ታዲያ የወዲያዎቹ ሰዎች ምን አሉ?" አለች። የወዲያዎቹ ደስተኞች አይደሉም፣ ሁለቱ ከተሞች ስለ ሆምስቴክ ውሃ ከወዲያ ካሉት የኢግል ወንዝ አካባቢ ነዋሪዎች ጋር ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤትም ጭምር ሲከራከሩ ነው የኖሩት። ግቢያችን ውስጥ ሳር ስናጠጣ ይሄን ማሰብ አለብን ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የግድብ ሐይቅ መሆኑን ዳርቻው ላይ ታያላችሁ። በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ አካባቢ (በፈረንጅ ጁላይ ማለቴ ነው)፣ ውሃው እስከ ጥዱ ስር ይጠጋል፣ ወደ መስከረም ሲሆን ግን ይቀንስና ግራጫ ድንጋይና ያረጁ ጉቶዎች ይወጣሉ። በሁለቱም ጊዜ ቆንጆ ነው፣ ልጆች ላላችሁ ግን የመጀመሪያው ይሻላል። ዋና ግን አይታሰብ፣ ውሃው የበረዶ ቅላጭ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ እጅ እግር ያደነዝዛል፣ ጀልባ ወይ ካያክ ላይ የሚወጣ ሰው ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ ይውጣ።

የካምፖቹን ስሞች ጠይቁ፣ ታሪክ አላቸው። ሌድቪል የብር ማዕድን ከተማ ነበረች፣ ሆረስ ታቦር የሚባለው ሰው በብር እጅግ ከብሮ ቤቢ ዶ የምትባለውን ቆንጆ አገባ፣ በ1893 የብር ዋጋ ሲወድቅ ሁሉንም አጡ፣ እሱ ሞተ፣ እሷ ማችለስ የሚባለው ማዕድን አጠገብ ባለች ትንሽ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ለብቻዋ ብዙ ዓመት ኖራ በ1935 ክረምት እዛው ሞታ ተገኘች። ጎጆዋን ሄዶ ማየት ይቻላል፣ ከሐይቁ ቅርብ ነው። እማዬ ይሄን ስትሰማ "ወይኔ፣ ሰው የሌላት" ብላ ከንፈሯን መጠጠች፣ ማታ ስትጸልይም ስሟን ስታነሳ ሰምቻታለሁ።

አሁን ለመሄድ ለሚያስቡ። አንደኛ ትንፋሽ። "እኔ የደጋ ልጅ ነኝ ምንም አልሆንም" የሚል ሰው አለ፣ ዲሲ ወይ ዱባይ አስር ዓመት የኖረ ሰው ግን ደሙ የለመደው የዛን አየር ነው። ከባህር ጠለል ከፍታ የመጣ እንግዳ ካላችሁ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሌሊት አውሮራ ይደር፣ ከዛ ውጡ፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ራስ ምታቱ ከባሰና ማስታወክ ከመጣ መውረድ ነው መድኃኒቱ፣ "ትንሽ ተኛ ይለቅሃል" አይባልም።

ምግብ ቤት አብስላችሁ ሂዱ። እዛ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ቡናው ቶሎ ይገነፍላል፣ ምስሩ ግን አልበስል ብሎ ጋዝ ይጨርሳል። ወጡን ሰርታችሁ በኩለር ይዛችሁ ማሞቅ ብቻ ነው። እንጀራውን ከፕላስቲኩ የምታወጡት ልትበሉ ስትሉ ብቻ፣ አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ትንሽ ከቆየ ጠርዙ ወደ ላይ ይታጠፍና ድርቆሽ መምሰል ይጀምራል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ደሞ ለእንደዚህ አይነት ቦታ የተፈጠረ ነው።

ቡና። ይሄን በደንብ አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም እኛ ሀበሾች ከሰል ሳንይዝ አንወጣም። በደረቅ ወራት የእሳት ክልከላ ይወጣል፣ ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ብዙ ጊዜ ካምፑ በሰራው የብረት ቀለበት ውስጥ እሳት ይፈቀዳል፣ በሁለተኛው ግን እንጨትም ከሰልም ክልክል ነው፣ የሚዘጋ ቁልፍ ያለው የጋዝ ስቶቭ ብቻ ነው የሚቻለው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የደኑን መስሪያ ቤት ዌብሳይት እዩ፣ ስቶቭ ደሞ ሁሌም ያዙ። እጣኑም ላይ አስቡበት፣ ፍም ነው፣ ንፋስ አለ። ሁለተኛው ደሞ የነፍስ ጉዳይ ነው፣ ብርዱን ለማባረር ብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት ፈጽሞ አይደረግም። ከሰል ሲያፍን ሽታም የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አይነቃም። ሀገር ቤትም እዚህም በዚህ መንገድ ስንት ሰው አጥተናል፣ እባካችሁ።

ታዲያ ብርዱን በምን? ከስር። ሁሉም ከላይ መደራረብ ያስባል፣ ብርዱ የሚገባው ግን ከመሬት ነው፣ ጥሩ ፍራሽ ወይ የካምፒንግ ማት ከስሊፒንግ ባጉ በላይ ወሳኝ ነው። አየር የሚነፋው ተራ ፍራሽ ውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ብቻውን አይበቃም፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉበት። ጋቢ እሳት ዳር ለመቀመጥ ምርጥ ነው፣ ለመኝታ ግን ጥጥ ስለሆነ እርጥበት ይይዛል፣ ከስሊፒንግ ባጉ በላይ ጣሉት እንጂ ለብሳችሁት አትግቡ። ካልሲና ኮፍያ ደረቅ ይሁን፣ ለልጆች ሙቅ ውሃ ሙቀት በሚችልና በደንብ በሚከደን የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ እግራቸው ጋ አድርጉላቸው፣ ለሰዓታት ይሞቃል። ድንኳኑን ከመትከላችሁ በፊት ደሞ ቀና ብላችሁ ዛፉን እዩ፣ የደረቀ ዛፍ ስር አይታደርም።

ድብ አለ፣ ጥቁሩ ድብ፣ ሰው አይፈልግም ምግብ ነው የሚፈልገው። ቅቤው፣ በርበሬው፣ የጥርስ ሳሙናው ሳይቀር መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር፣ በቃ።

ቀኑን ስታቅዱ ጠዋት ላይ ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፣ ሰማዩ ጠዋት ጥርት ብሎ ሰባት ስምንት ሰዓት ሲሆን ይጠቁርና መብረቁ ይጀምራል፣ ስለዚህ ማውንት ኤልበርት (የሮኪ ተራሮች ቁንጮ ነው፣ 4,401 ሜትር፣ እዛው አጠገብ) ልወጣ የሚል ሰው ገና ሳይነጋ ተነስቶ ቀትር ሳይሆን መውረድ አለበት። ለኛ ለቤተሰብ ግን የሐይቁ ዳር መንገድ ይበቃል፣ ከግድቡ እስከ ሜይ ኩዊን 6 ማይል ምናምን ነው፣ በጥዱ ውስጥ እየገባ እየወጣ፣ ዳገት የለበትም ማለት ይቻላል። እማዬ የተወሰነውን በዝግታ እየሄደች ሥሩ ላይ እየተቀመጠች ሄደችው። ሩጫ ለምትወዱ ደሞ፣ በኦገስት የሚደረገው የሌድቪል 100 ማይል ሩጫ በዚህችው መንገድ ነው የሚያልፈው፣ በጨለማ ነው የሚነሱት፣ ከካምፑ ሆናችሁ የራስ መብራታቸው በዳርቻው ሲሰለፍ ታያላችሁ። የተጀመረው በ1983 ነው፣ ክላይማክስ ማዕድን ሰራተኛውን ከበተነ በኋላ ከተማዋ እንዳትሞት ተብሎ።

ቦታ የሚያዘው ሪክሪዬሽን ዶት ጎቭ ላይ ነው፣ ውሃ ዳር ያሉት ሳይቶች ለቅዳሜና እሁድ በጣም ቀድመው ያልቃሉ፣ ከክረምቱ ጀምሮ ማየት ነው። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ግን ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ሰውም ይሰርዛል፣ ማክሰኞ ረቡዕ ገብታችሁ ፈልጉ። ሻወር የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። እና አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር፣ 62 ዓመት የሞላቸው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጆች ካሏችሁ የዕድሜ ልክ የሲኒየር ፓስ አውጡላቸው፣ 80 ዶላር አንዴ ነው የሚከፈለው፣ በብዙ የፌዴራል ካምፕግራውንዶች የማደሪያውን ግማሽ ያስቀንሳል። ቅናሹ የሚሰራው ግን ባለፓሱ አብሮ ካለ ነው፣ ስለዚህ እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እንደኛ እናት ከሆኑ ደሞ ቦታውን ከናንተ በላይ ነው የሚያውቁት።