ከስምጥ ሸለቆ የመጣ ውሃ

ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስንለካ ዋልን፤ ፍሎራይድ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዝ ንጥረ ነገር ነው። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ በዓይን ምንም አይታይበትም። የምንለካበት ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ጫፍ ላይ ያለችው የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ግን አትሸወድም። መጀመሪያ ውሃውን ለልኬት የሚያዘጋጅ ድብልቅ፣ በፈር፣ ይጨመራል፤ አለዚያ አሉሚኒየምና ብረት ፍሎራይዱን ይይዙታል። ከዚያ ንባቡ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ፍሎራይዱ አሥር እጥፍ ሲሆን ቮልቴጁ 59 ሚሊቮልት ገደማ ይወርዳል። ተመራማሪዎቹ ፍራንትና ሮስ ይህን ኤሌክትሮድ ይፋ ያደረጉት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም እጄ ላይ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የዛሬው ውሃ አልፎታል። በዚያ አካባቢ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች አይቻለሁ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ሙያ ላይ ያቆየኝ እሱ ነው። አሁን የምለፋው እዚያው ጉድጓዱ ዳር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷ የምትለካበት ርካሽ ሴንሰር እንዲኖር ነው።