45 ቁጥር ጫማ ያደረገ 42 እግር

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ግማሽ መንገድ ሳልደርስ፣ ብስክሌቴን አጥር ላይ አስደግፌ ጫማዬን አወለቅኩ። የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ደንዝዛለች። ከሥሯ ያለው አጥንት ፍም የረገጥኩ ያህል ያቃጥለኛል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ቆም አሉና «ምነው ልጄ፣ እሾህ ነው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ጫማው ነው።»

«ታዲያ አውልቀኸው አትሄድም!» ብለውኝ ወረዱ።

እግሬ ዝርግ ነው። ታጥቤ ሲሚንቶ ላይ ስቆም የሚታተመው ዱካ መሃሉ ጎድጎድ አይልም፤ እንደ አምባሻ ሙሉ ነው። ከፊት ደግሞ ሰፊ ነው። ለተራ ጫማ መላ አይጠፋም፤ አንድ ቁጥር ጨምሬ እገዛለሁ፣ ቆዳውም ከቀን ወደ ቀን ይለጠጥልኛል። የብስክሌት ጫማ ስገዛም በዚሁ ሂሳብ ሄድኩ። 43 ጠበበኝ፣ 44 ጠበበኝ፣ 45 ላይ ጣቶቼ ተንፈስ አሉ። ከፈልኩና ይዤ ወጣሁ።

የብስክሌት ጫማ ሶል ግን ናይለን ወይም ካርቦን ነው፤ አይተጣጠፍም፣ አይለጠጥም። ቁጥሩ ሲጨምር በደንብ የሚጨምረው ርዝመቱ ነው፣ ስፋቱ እምብዛም ነው። ትርፉ ርዝመት ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ፔዳሉን ባዞርኩ ቁጥር ተረከዜ ይነሳል። ጫማውን ፔዳል ላይ የሚቆልፈው ክሊትም መሆን ካለበት ቦታ አልፎ ወደ ጣቶቼ ተጠጋ።

ሰፈር ያሉ ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ጋሼ ፎርማ ከተውበት ሦስት ቀን አቆዩት። ላዩ ትንሽ ሰፋ፣ ሶሉ እንደነበረ ቀረ። አሁን የእግሬ ዳር ከሶሉ አልፎ ተንጠለጠለና ጠርዙ ይከረክረኝ ጀመር። መለስኩላቸው።

ይኼ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው እግሬን የለካሁት! ቀን ስንውል እግር ስለሚያብጥ ማታ፣ ነድቼ ስመለስ ለካሁ። የምነዳበትን ካልሲ እንዳደረግኩ የአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ ቆምኩ፤ እህቴ እርሳሱን ቀጥ አድርጋ በእግሬ ዙሪያ አዞረችው። እርሳሱ ካዘመመ እግር ሥር ይገባና ልኩን ያሳንሳል። ቁጭ ብሎ መለካትም አይሆንም፤ ዝርግ እግር የሚንጣለለው ክብደት ሲያርፍበት ነው። ቁጭ ብዬ 10.2 ሳንቲሜትር የነበረው ስፋት ስቆም 10.9 ሆነ። የእግሬ ርዝመት ደግሞ 26.4። የብስክሌት ጫማ በሚሠራው በሺማኖ ሰንጠረዥ 26.5 ሳንቲሜትር 42 ቁጥር ነው። በሦስት ቁጥር ስቼ ነበር ማለት ነው።

ሺማኖ አንዳንድ ሞዴሎቹን በዚያው ቁጥር ሰፋ አድርጎም ይሠራል፤ ሌክ የሚባለውም እንደዚሁ። እዚህ ፈልጌ ስላጣሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ ልኬን በቴሌግራም ላክሁለት። ለጣቶቼ ትንሽ ቦታ እንዲተርፍ 43 አልኩት፤ ሳጥኑ ላይ «ዋይድ» (ሰፊ) የሚል ጽሑፍ መኖሩን እንዲያይ ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት። ሰው በሻንጣ ያመጣውን ዕቃ ማን ይመልስልሃል?

ጫማው ልክ ሆነ። እኔ ግን አርፌ አልተቀመጥኩም። ዝርግ እግር ድጋፍ ይፈልጋል ሲሉኝ መሃሉ ከፍ ያለ የውስጥ ሶል ከተትኩበት። ውስጥ እግሬ ሥር ጠጠር የገባ መሰለኝ፣ ጫማውም መልሶ ጠበበ። በቀጭኑና በዝቅተኛው ቀየርኩት። በጣትህ ጫፍ ስትቆም ውስጥ እግርህ ጎድጎድ የሚል ከሆነ እግርህ ተጣጣፊ ነው። እንደዚያም ሆኖ ዝርግ ከቀረና የሚያምህ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው፤ በሶል አትሞክረው።

ከሁሉም የገረመኝ ክሊቱ ነው። የድሮ ቦታውን በማርከር ምልክት አደረግኩ፣ በ4 ሚሊሜትር ቁልፍ ቡሎኖቹን አላላሁና ወደ ተረከዜ 5 ሚሊሜትር ያህል ሳብኩት። ማቃጠሉ በዚያው ሳምንት ቀነሰ። እግሬ እንደ ዳክዬ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ክሊቱንም በዚያው ልክ አዞርኩት። ቀጥ ላድርገው ብዬ በታገልኩበት ጊዜ ያተረፍኩት የጉልበት ሕመም ብቻ ነበር።

45 ቁጥሩ አሁንም ጋሼ ጋ ፎርማው ላይ ነው። ባለፍኩ ቁጥር «ና እስቲ ለካው፣ ዛሬስ ሰፍቷል» ይሉኛል።