መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዚያ ዛፉ፦ የዘር ሐረግ ፍለጋዬ የት ደረሰ

የቤተሰቤን የዘር ሐረግ በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምሬያለሁ። ከእናንተም መካከል የጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ስላላችሁ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። የማወራው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሶፍትዌሩን እንዴት እንዳሰናዳሁት፣ ሁለተኛው ምን እንደምፈልግ እንዴት እንደወሰንኩ። ለእኔ ዋናው ሁለተኛው ነው። ጥያቄው ከጠራ ምን እንደሚመዘገብ፣ የትኛው ሰነድ ቀድሞ እንደሚነበብ፣ ከዘመድ ማን መጀመሪያ እንደሚጠየቅ አብሮ ይታወቃል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመረጥኩት ፕሮግራም ግራምፕስ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ሥራው የተጀመረው በ2001 ሲሆን ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች እየተሻሻለ ነው። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። መረጃው የሚቀመጠው በራሴ ላፕቶፕ ላይ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የምመዘግበው የእኔን ሕይወት ብቻ አይደለማ። ኢንተርኔት ላይ የቤተሰብ ዛፍ (የዘር ሐረግ ሥዕል) የሚሠራባቸው ድረ ገጾችም ጥቅም አላቸው፤ በተለይ ከማይታወቅ ዘመድ ጋር ያገናኛሉ። ዋናው ቅጂ ግን እኔው ጋ ቢሆን ይሻለኛል።

የትኛውንም ፕሮግራም ብትመርጡ፣ መረጃውን በጄድኮም ፋይል ማውጣት መቻሉን አጣሩ። ጄድኮም የዘር ሐረግ መረጃ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚሻገርበት የጋራ መስፈርት ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1984 ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ዛሬም የሚሠሩት በ5.5.1 እትሙ ነው፤ በ2021 ደግሞ እትም 7.0 ወጥቷል። እኔ ጥቂት ሰዎችን ከነፎቷቸው፣ ከነማስታወሻቸውና ከነምንጫቸው አስገባሁ። ከዚያ አውጥቼ በሌላ ፕሮግራም ከፈትኩት። ስሞቹና ቀኖቹ በደህና ተሻገሩ። ከማስታወሻው የተወሰነው ግን ቦታው ተቀያይሮ አገኘሁት። ይህን ሙከራ ገና ከጅምሩ አድርጉት፤ መቶ ሰው ካስገባችሁ በኋላ ይከብዳል። ስሞቹን በራሳችን ፊደል አስገብታችሁ መሞከሩንም አትርሱ። የቆዩ ፕሮግራሞች ዩኒኮድን (የየቋንቋውን ፊደል በኮምፒውተር የሚወክለውን የጋራ ሥርዓት) የማይቀበሉ ስለነበሩ ፊደሉን ወደ ጥያቄ ምልክት የሚቀይሩ አሉ። ግራምፕስ በዚህ በኩል አያስቸግርም።

ከዚያ የስም ጉዳይ መጣ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የተሠሩት ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። ሁለተኛው ስም የአባት ስም ሲሆን ፕሮግራሙ አባትና ልጅን በተለያየ የቤተሰብ ስም ያያቸዋል። ዝርዝሩ በስም ሲደረደርም አንድ ቤተሰብ ይበታተናል። ግራምፕስ የስሙን ዓይነት መምረጫ ቦታ አለው፤ ስሙ ከአባት የመጣ መሆኑን መንገር ይቻላል። ስም እንዴት ተቀናጅቶ እንዲታይ እንደምትፈልጉም ቅንብሩ ውስጥ ይስተካከላል። ብዙ ሰው ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሥርዓት ምረጡና በእሱ ጽኑ። እኔ ዋናው ስም አድርጌ የምይዘው ሰውየው ሲወለድ የተሰጠውን ነው። የቁልምጫ ስሙ፣ በትዳር የመጣው፣ ሰነድ ላይ በተለያየ አጻጻፍ የተገኘው ሁሉ በአማራጭ ስምነት ይገባል። አንዱንም አልጥልም። በኋላ ሌላ መዝገብ ስንፈልግ የሚያገናኘን ያ የተጣመመ አጻጻፍ ሊሆን ይችላል።

ቀን ላይ የምለው ባጭሩ ይህን ነው፤ የማታውቁትን ቀን እንደምታውቁት አድርጋችሁ አትጻፉ። ፕሮግራሙ «ገደማ»፣ «በፊት»፣ «በኋላ»፣ «በዚህና በዚያ መካከል» ማለት ያስችላል። ቀኑ በግምት ወይም በስሌት የተገኘ መሆኑንም ምልክት ማድረግ ይቻላል። ካላንደሩም ቢሆን ልብ ይበሉት። ብሪታንያ ከቀድሞው የዩልያን አቆጣጠር ወደ ዛሬው የአውሮፓውያን (ግሪጎርያን) አቆጣጠር የተሻገረችው በ1752፣ ሩሲያ ደግሞ በ1918 ነው። የአሥራ ምናምን ቀን ልዩነት የልደትን ቅደም ተከተል ሊያዛባ ይችላል። ፕሮግራሙ በማያውቀው አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሲገጥመኝ የተመነዘረውን በቀኑ ሳጥን፣ ሰነዱ ላይ ያለውን ደግሞ ፊደሉን ሳልለውጥ በማስታወሻው አስቀምጣለሁ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ወደ ምንጭ። ግራምፕስ ምንጭን በሦስት ደረጃ ይይዛል። መጀመሪያ ሰነዱ ያለበት ቦታ አለ፤ ቤተ መዛግብት ወይም የአክስት ቁም ሣጥን ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሰነዱ ራሱ ይመጣል። ከዚያ ያ መረጃ የተገኘበት ገጽ ወይም መስመር ይጠቀሳል። መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ይመስላል። እኔ ግን ምንጭ የሌለው መረጃ ላለማስገባት ወስኛለሁ። «እናቴ በስልክ ነገረችኝ»ም ምንጭ ነው፤ ቀኑ ተጽፎ ይገባል።

ጥቅሙን በአያቴ የትውልድ ዘመን ላሳያችሁ። መታወቂያዋ በጁን 1935 ተወለደች ይላል። የጋብቻ ወረቀቷ ደግሞ በማርች 1957 ስትዳር 18 ዓመቷ እንደነበር ይናገራል። ሲሰላ በማርች 1938 እና በማርች 1939 መካከል ተወልዳለች ማለት ነው። ሁለቱንም የልደት ክስተት አድርጌ፣ እያንዳንዱን ከነምንጩ አስገባሁ። አንዱን አልሰረዝኩም። ከዚያ ማንን ልመን ብዬ ሰነዶቹን ጠየቅኳቸው። መታወቂያው የወጣው በስተርጅናዋ ነው፤ ቀኑን ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። የጋብቻ ወረቀቱ ለዘመኑ ይቀርባል፤ ነገር ግን ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች ለማሰኘት ዕድሜ የሚጨመርበት አጋጣሚም አለ።

ነገሩን የለየው ሦስተኛ ሰነድ ነው፤ ስለ እሷ እንኳ አያወራም። በአንድ እናት የሚወለደው ወንድሟ በኦክቶበር 1935 መወለዱ በዚያው ሰሞን በተጻፈ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አንዲት እናት በአራት ወር ልዩነት ሁለት ልጅ አትወልድም። ስለዚህ የመታወቂያው ቀን ውኃ አይቋጥርም። በዋናነት የያዝኩት ከ1938 እስከ 1939 ያለውን ነው። ግራምፕስ ለእያንዳንዱ ጥቅስ ከ«በጣም ዝቅተኛ» እስከ «በጣም ከፍተኛ» የእምነት ደረጃ ይጠይቃል፤ የጋብቻ ወረቀቱን መካከለኛ ላይ አስቀመጥኩት። ዕድሜ ተጨምሮላት ከሆነ ከዚያም ታንስ ነበርና። ምክንያቱን ሁሉ በማስታወሻ ጻፍኩ። ነገ ሌላ ሰነድ ቢገኝ እኔም ሆንኩ ከእኔ በኋላ የሚረከበው ሰው ከየት ተነስቼ የት እንደደረስኩ ያያል።

ይህ አሠራር ከእኔ የመነጨ አይደለም። የዘር ሐረግ ተመራማሪዎች የሚመሩበት የማስረጃ መስፈርት አምስት ነገር ይጠይቃል። ፍለጋው በቂ ስፋት ይኑረው፤ ምንጭ ሁሉ በትክክል ይጠቀስ፤ ማስረጃው ይመርመርና እርስ በርሱ ይነጻጸር፤ የሚጋጨው ይፈታ፤ በመጨረሻ መደምደሚያው በጽሑፍ ይስፈር። ብዙዎቻችን የምንዘለው የመጨረሻውን ይመስለኛል። ስትጽፉት ነው ክፍተቱ ፍንትው ብሎ የሚታየው።

አሁን ወደ ግብ። ወላጅ ሁለት፣ አያት አራት፣ ቅድመ አያት ስምንት ነው። እንዲህ እያለ አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ሲኬድ በዚያ አንድ ትውልድ ብቻ 1,024 ሰው ይደርሳል፤ ዘመድ ከዘመድ ካልተጋባ በስተቀር። ሁሉንም እፈልጋለሁ ያለ ሰው አንዱንም ሳያውቅ ዕድሜው ያልቃል። «ከየት መጣን?» የሚለውም እጅ እግር የሌለው ጥያቄ ነው። ልብ ይነካል፤ ግን ነገ ጠዋት የትኛውን መዝገብ እንደምትከፍቱ አይነግራችሁም።

እኔ ጥያቄ የምለው አንድ ሰው፣ አንድ ጉዳይና የጊዜ ገደብ ያለውን ነው። ለምሳሌ «የእናቴ እናት አባት ከ1930 እስከ 1940 ምን ሥራ ነበረው፣ የትስ ይኖር ነበር?» ይህ ጥያቄ ሥራውን ራሱ ይከፋፍላል። በዚያ ዘመን በሠራተኛነት፣ በግብር ከፋይነት፣ በወታደርነት ወይም በባለ መሬትነት ማን ይመዘገብ ነበር? መዝገቡስ ዛሬ ማን ዘንድ ነው? በሕይወት ካሉት ውስጥ እሱን በልጅነቱ ያየው ማን ነው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ለነገ አትባልም። ሰነዱ ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያው ላይ ይጠብቃል፤ አዛውንቶቻችን ግን አይጠብቁንም። ስለዚህ የፍለጋ ዕቅዴ ላይ ከማንኛውም ቤተ መዛግብት በፊት የሰዎች ስም ነው ያሰፈርኩት። በዕድሜ ከፍ ያሉት ይቀድማሉ። ስሄድ የቆየ ፎቶ ይዤ እሄዳለሁ። «ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ» ሲባሉ ብዙዎቹ ምን እንደሚሉ ይቸገራሉ። ፎቶ ሲያዩ ግን «ይቺ እኮ የእገሌ ሚስት ናት፤ ጎረቤታችን ነበሩ» ይላሉ፤ ወሬው ከዚያ ይቀጥላል። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ድምፃቸውን እቀዳለሁ። ስመለስ የቀዳሁትን ሳልውል ሳላድር እጽፈዋለሁ፤ የተናገሩበትን ቃል ሳልቀይር። «አልነግርህም» የሚሉት ነገር ካለም አልጎተጉትም።

እነዚያ የጎረቤት ስሞች ተራ ወሬ እንዳይመስሏችሁ። የምንፈልገው ሰው መዝገብ ላይ ሲጠፋ ከአጠገቡ የነበሩትን መፈለግ ያዋጣል፤ ወዳጆቹን፣ የሥራ ባልደረቦቹን፣ ጎረቤቶቹን፣ የጋብቻ ምስክሮቹን። ሰዎች አብረው ይሰደዳሉ፣ አብረው ይነግዳሉ፣ አንዱ ለሌላው ይፈርማል። ስለዚህ ዘመድ ያልሆነ ሰውም በመዝገቤ ውስጥ ቦታ አለው። ምስክር፣ ጎረቤት፣ የክርስትና አባት እያልኩ ከክስተቱ ጋር አገናኘዋለሁ፤ ግራምፕስ ይህን ይፈቅዳል።

ጥያቄዎቹን ራሳቸውን እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው የምይዛቸው። ማስታወሻ ስትከፍቱ «የሚሠራ» የሚል ዓይነት አለ። ለየሰውየው ገጽ ይያያዛል፤ ከዚያም ሁሉም ባንድ ዝርዝር ይታያል። በቀለም መለያ ደግሞ አሁን የምሠራበትን ከሚቆየው እለያለሁ። ክፍት የማደርጋቸው ጥቂት ጥያቄዎችን ብቻ ነው። ሌላው አጓጊ ነገር ሲመጣ እጽፈዋለሁ እንጂ አልከተለውም። የፍለጋ መዝገብም አለኝ። የትኛውን ሰነድ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ በየትኛው አጻጻፍ እንደፈለግኩ ይጻፍበታል። ያላገኘሁትም ይጻፋል። «ከ1930 እስከ 1935 ያለው መዝገብ ታየ፣ ስሙ የለም» የሚል መስመር ያንኑ ወረቀት ድጋሚ ከማገላበጥ ያድናል፤ አንዳንዴም ሰውየው በዚያን ጊዜ ሌላ ቦታ እንደነበር ፍንጭ ይሰጣል።

ስለ ጥበቃው ባጭሩ። መረጃው ሦስት ቅጂ አለው፤ ላፕቶፑ ላይ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ እና ከቤት ውጭ ሌላ ቦታ። ስካን የተደረጉ ፎቶዎች አብረው መቀመጣቸውን አረጋግጡ፤ ከፕሮግራሙ የሚወጣው ፋይል አንዳንዴ ጽሑፉን ብቻ ይይዛል። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ጉዳይ ደግሞ በግል ምልክት እቆልፋለሁ። ግራምፕስ ፋይል ሲያወጣ እነሱን አስቀርቶ ማውጣት ይችላል። ለዘመድ የምሰጠው ቅጂ ሁልጊዜ እንዲያ የተጣራው ነው። ጉዲፈቻ፣ ፍቺ፣ ሕመም የባለቤቱ ምስጢር ነው፤ ያለ ፈቃዱ ለማንም አይተላለፍም።

እስካሁን እስከ አያቶቼ ያለው በምንጭ ተይዟል። ቅድመ አያቶች ላይ ግማሹ ስም ብቻ ነው። አሁን የተከፈቱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የአያቴ የትውልድ ዘመን ነው። በ1945 እና በ1950 መካከል ትምህርት ቤት ገብታ ከነበረ የተማሪዎች መዝገብ ላይ ዕድሜዋ ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ መማሯን ከታናሽ እህቷ አጣራለሁ፤ ከተማረች መዝገቡን እፈልጋለሁ። ሁለተኛው የአባቷ ሥራ ነው። የጋብቻ ወረቀቷ ላይ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ አለ። ማን እንደነበሩ አላወቅኩም፤ ከእሱ ጋር አብረው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ምስክሮች በየራሳቸው ገጽ፣ ከነጥያቄያቸው ተመዝግበዋል። የሚቀጥለው ፍለጋ ከእነሱ ይጀምራል።