አድሬናሊንን በስሙ ጠይቁ፤ ወንድሜን ንብ በነደፈው ጊዜ የተማርኩት

በጎጃም ማር በብዛት የሚቆረጠው አደይ አበባ ካበበ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ለሞት የተቃረበውም በዚሁ ወቅት፣ ዘመናዊ ቀፎ ስንከፍት ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ንብ ስትነድፈው ከእብጠት በቀር ምንም ሆኖ ስለማያውቅ፣ አንዲት ንብ በደቂቃዎች ውስጥ ትጥለዋለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። የመርዙ አለርጂ ግን ቀደም ሲል በተነደፈ ሰው ላይ ሳይታሰብ ሊነሣ ይችላል።

መንደፊያውን ወዲያው ነቀልኩለት። በሥልጠና ላይ «በጣት ቆንጥጣችሁ አትንቀሉ፣ በጥፍር ወደ ጎን ፋቁት» ይባላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። መንደፊያው ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳ ላይ ቀርቶ፣ ንቧ ከተለየችው በኋላም መርዝ መግፋቱን ስለሚቀጥል፣ መሣሪያ ሲፈልጉ ከመዘግየት በጣት ነቅሎ መጣል ይሻላል። ከዚያም የመንደፊያው ሽታ ሌሎቹን ንቦች ለጥቃት ስለሚቀሰቅስ ከቀፎው ራቅን። ብዙም ሳይቆይ ሳማ የለበለበው ይመስል ገላው በሙሉ በሽፍታ ተወረረ፣ ከንፈሩ አበጠ፣ ድምፁ ሻከረ፣ አስታወከው፣ ዐይኑም ጨለመበት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው እያየ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካርድ ይውጣ» አለኝ። ወደ ውስጥ ስንገባ ተረኛው ባለሙያ ሃይድሮኮርቲሶን የተባለ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒትና የአለርጂ መርፌ ወግቶት፣ ራሱን ሊስት የደረሰውን ልጅ «ተነሥተህ ወደዚያኛው አልጋ ሂድ» አለው። ለእንዲህ ያለው ከባድ አለርጂ ሕይወት አዳኙ መርፌ አድሬናሊን መሆኑን ሐኪም የሆነ ዘመዳችን ቀደም ሲል ነግሮኝ ስለነበር «አድሬናሊንስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እሱ ልብ ይጎዳል፤ እንዲሁ አይሰጥም» የሚል መልስ አገኘሁ። መድኃኒቱ እዚያው፣ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር! ጩኸቴን ሰምተው የመጡ አንዲት አንጋፋ ነርስ «አስተኙት፣ እግሩንም ከፍ አድርጉለት» ብለው ጭኑ ላይ ግማሽ ሚሊ ግራም አድሬናሊን ወጉት፤ ከ5 ደቂቃ በኋላም ደገሙለት። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሃይድሮኮርቲሶን የሚሠራው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ የአለርጂ መርፌውም ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የወደቀውን የደም ግፊት ከፍ አያደርግም፣ የተዘጋውን የአየር ቧንቧም አይከፍትም። ይህን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያደርገው አድሬናሊን ብቻ ነው። በዚህ አለርጂ ራሱን የሚያዞረውን ሰው ማቆምም ሆነ ማስኬድ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ መቀመጥ የሚፈቀድለት መተንፈስ የከበደው ብቻ ነው። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል «ተሽሎታል፣ ይሂድ» ሲሉን እንቢ ብለን አደርን፤ በዚህም እኮራለሁ።

መንጋ የወረረው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። አለርጂ ባይኖርበትም፣ ከደረቁ መርዝ ግማሽ ያህሉ የሆነው ሜሊቲን የደም ሕዋሳትንና ጡንቻን ስለሚያፈርስ ኩላሊት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊደክም ይችላል፤ ሽንቱ ከጠቆረ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ለተራ ንድፊያ ግን ጭቃና ነጭ ሽንኩርት መለጠፉን ትታችሁ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት።

የወረዳችን ባለሙያዎች ቀፎ፣ የፊት መሸፈኛና ማጨሻ ሲያድሉ ስለዚህ መድኃኒት አንድም ቃል አለመናገራቸው ያሳዝነኛል። ወንድሜ አሁን ቀፎ አይከፍትም፤ ቀፎዎቹንም ከቤቱ አርቀን ከአጥሩ ማዶ አዛውረናል። እኔም ማር ከመቁረጤ በፊት ጤና ጣቢያው ሄጄ አድሬናሊን በድንገተኛ ክፍሉ መኖሩን፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍም በተረኛው እጅ መሆኑን እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ይቆጡኛል፤ ቢሆንም ሳያሳዩኝ አልመለስም።