ባለ 15 ወይስ ባለ 17፦ ለ1968ቱ ሙስታንጌ ጎማና ቸርኬ የመረጥኩበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2021 ሐምሌ ወር፣ እዚህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ የ1968 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ገዛሁ። ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 302 በመሆኑ፣ ነገሩን አጥብቀው የሚይዙ ሰዎች «ይህማ ፖኒ ካር ነው፤ ማስል ካር የሚባለው 390 ወይም 428 ሞተር ያለው ነው» ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ (ፖኒ ካር አነስ ያለ ስፖርታዊ መኪና፣ ማስል ካር ደግሞ ትልቅ ሞተር የተጫነበት ነው፤ ቁጥሮቹ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ናቸው)። ለጎማ ምርጫ ግን ክርክሩ ብዙ አይጠቅምም፤ ሞተሩ ቢለያይም አካሉ አንድ ነው፣ በፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው የአካል ክፍል) ሥር ያለው ቦታም ያው ነው።

መኪናው ሲመጣ በባለ 14 ኢንች የብረት ቸርኬ ላይ 205/70 አር 14 ጎማ ተገጥሞለት ነበር፤ 205 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ «አር» ራዲያል፣ 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የጎማው ጥርስ ገና ያላለቀ በመሆኑ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከወጪ ዳንኩ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ሳጥብ ግን በጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የሰፈሩትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አነበብኩ፤ 0809 ይላሉ። ጎማው በ2009 ስምንተኛ ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ላስቲክ ምንም ያህል ጥርስ ቢኖረው ደርቆ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ፣ አውራ ጎዳና ላይ ይዞ መውጣት በሕይወት መቀለድ ነው። ጎማ መቀየሬ ካልቀረ መጠኑንም ልቀይር ብዬ የተነሣሁት ያን ዕለት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ገንዘብ ስላላስወጣኝ ቶሎ ልለፈው። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሙስታንግ ቸርኬውን የሚያስረው በአምስት ቡሎን ሲሆን፣ ቡሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ ዲያሜትሩ 4.5 ኢንች፣ ማለትም 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ለዓመታት ታክሲ የሠራሁበት ቶዮታ ካምሪም ልኩ ይኸው ነው። ምድር ቤት የተቀመጠ የካምሪ አሉሚኒየም ቸርኬ ስለነበረኝ፣ ለሙከራ እንኳ ይሁን ብዬ አንሥቼ ሄድኩ። የቡሎኑ ልክ ትክክል ነው፤ የቸርኬው መሐል ቀዳዳ ግን 60.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሙስታንጉ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሐል ብረት) ወደ 70 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቸርኬው ሞዞው ጫፍ ላይ ተደግፎ ቀረ፤ እኔም ወደ ምድር ቤት መለስኩት።

ሁለተኛው ስሕተቴ ግን ከኪስ ወጣ። ከ1994 እስከ 2004 ለተሠሩት ሙስታንጎች የሚሆን፣ 17 በ8 ኢንች የሆነ፣ አምስት ዘንግ ያለው ጥቁር ግራጫ ቸርኬ ከአንድ ሰው ላይ ገዛሁ። ያው ሙስታንግ ነው፣ ያው አምስት ቡሎን ነው፣ መሐሉም ይገባል፤ ከዚህ ሌላ ምን ይፈለጋል አልኩ። 245/45 አር 17 ጎማ አስገጥሜ፣ ኋላውን በክሪክ አንሥቼ፣ ዳዶዎቹን አጥብቄ መኪናውን ሳወርደው ከውጭ ሲታይ በጣም ያምር ነበር። ከግቢ ወጥቼ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስዞር ግን ከኋላ ብረት በላስቲክ የመፋቅ ድምፅ ተሰማኝ። ወርጄ ጎንበስ ብዬ ስመለከት፣ የጎማው የውስጥ ጎን ባሌስትራው (የኋላውን ክብደት የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) ላይ ተለጥፎ ጥቁር ዱካውን አሳርፎበታል።

በአካባቢያችን ጎማ ቤት ያላቸው አንድ አረጋዊ አሉ፤ ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። መኪናውን ይዤላቸው ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል? ቸርኬው እኮ ልኩ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ከኋላ ጎማው ጎን ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን በጎማውና በባሌስትራው መካከል ለማስገባት ሞከሩና፣ «ለካኸው ወይስ አየኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያልለካሁት ነገር ሁለት ስም አለው። አንደኛው ኦፍሴት ነው፤ ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ወርድ አማካይ መስመር ምን ያህል እንደራቀ ይነግረናል። ሁለተኛው ባክስፔሲንግ ሲሆን፣ ከዚያው ማረፊያ ፊት እስከ ቸርኬው የውስጥ ከንፈር ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ «8 ኢንች» የሚባለው ወርድ የሚለካው ጎማው በሚቀመጥባቸው በሁለቱ ውስጣዊ መቀመጫዎች መካከል ስለሆነ፣ ቸርኬው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 9 ኢንች ገደማ ይሆናል። የእኔው ባለ 17 ኦፍሴቱ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ነበርና ባክስፔሲንጉ 5.7 ኢንች ገደማ ይደርሳል፤ ለ1967 እና ለ1968 ሙስታንግ ግን በ8 ኢንች ወርድ በተለምዶ የሚመረጠው 4.75 ነው። አንድ ኢንች የሚጠጋ ትርፍ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ስፔሰር፣ ማለትም በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ብረት፣ አስገብቼ ወደ ውጭ ልገፋው እችል ነበር፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። እኔ ግን በዕድሜ ትልቅ በሆነ ሞዞና ቡሎን ላይ ተጨማሪ ብረት መጫን አልወደድኩም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ ገብቼ በሥርዓቱ ለካሁ። የኋላውን ጎማ አውልቄ፣ አካሉን ሳይሆን ዲፈረንሻሉን በማቆሚያ ደግፌ፣ የመኪናው ክብደት ባሌስትራው ላይ እንዲያርፍ አደረግኩ፤ አካሉ ተንጠልጥሎ ከተለካ ልኩ ሐሰት ይሆናል። ቀጥ ያለ ጣውላ ቸርኬው በሚያርፍበት በፍሬን ታምቡሩ ፊት ላይ አስተኝቼ ከዚያ ወደ ውስጥ እስከ ባሌስትራው 146 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውጭ ደግሞ እስከ ፓራፋንጎው የታጠፈ ጠርዝ 127 ሚሊ ሜትር አገኘሁ። በግራና በቀኝ መካከል ወደ 5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስለነበረ የጠበበውን ወገን ያዝኩ፤ የዚያ ዘመን መኪና ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ይሆናሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከዚህ በኋላ ስሌቱ የልጅ ሥራ ሆነ። የ245 ጎማ ግማሹ 122.5 ነው፤ 30ው ኦፍሴት ሲደመርበት 152.5 ይመጣል፤ 146 ውስጥ የሚገባበት መንገድ የለም።

አዲስ ቸርኬ ከማዘዜ በፊት ግን የጎማውን ጠቅላላ ቁመት መወሰን ነበረብኝ፤ ምክንያቱም የፍጥነት መለኪያውም፣ የመኪናው አቋምም፣ ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ክፍተትም በእሱ ይታዘዛል። ቁመት የሚገኘው የጎማውን ወርድ በመቶኛው አባዝቶ፣ ሁለት ጊዜ ወስዶ፣ በሚሊ ሜትር የተቀየረውን የቸርኬ ዲያሜትር በመደመር ነው። አሮጌው 205/70 አር 14 በዚህ መንገድ 643 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 17ቱ 245/45 ደግሞ 652 ይሆናል። ስለዚህ 17 ኢንች መኪናውን ከፍ አያደርገውም፤ የሚቀንሰው የጎማውን ጎን ነው፤ ከ144 ሚሊ ሜትር ወደ 110 ያወርደዋል። በባለ 17 ዘመናዊና ፈጣን ጎማ እንደ ልብ ይገኛል፤ በባለ 15 ግን ለእኛ መኪና የሚሆነው አብዛኛው በጎኑ ነጭ ፊደል ያለበት፣ የፍጥነት ደረጃው (ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚያሳየው ፊደል) ኤስ ወይም ቲ የሆነ፣ ለእሽቅድምድም ሳይሆን ለሽርሽር የተሠራ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ ባለ 15ን መረጥኩ። የምነዳው እሑድ እሑድ ነው፤ የአካባቢያችን መንገድ ከክረምት በኋላ ጉድጓድ ይበዛዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ አካል የተነደፈው ወፍራም ላስቲክ እንዲታይበት ነው። ቀጭን ጎን ያለው ጎማ በእኔ ዐይን የሽማግሌ እግር ላይ የተጠለቀ የወጣት ጫማ ይመስላል።

አራት ባለ 15 በ7 ቸርኬ፣ ባክስፔሲንጉ 4.25 ኢንች የሆነ፣ አዘዝኩ። ጎማ ከመግዛቴ በፊት ግን ጋሼ ከመጋዘናቸው አሮጌ 225/60 አር 15 አውሰውኝ ፊት ላይ ገጥመን ሞከርነው። የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ በነጭ ጠመኔ ቀባሁት፤ ልጄ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ስታዞር እኔ ተንበርክኬ አያለሁ። በቀኝ በኩል፣ ከፊት ታችኛው ጥግ ላይ፣ በጎማው ትከሻ ላይ የጣት ወርድ ያላት ነጭ መስመር ታተመች። ድምፅ አልነበረም፤ ጠመኔው ባይኖር አናውቅም ነበር፤ ፍሬን ተይዞ አፍንጫው ወደ ታች ሲል ግን ያች መስመር ላስቲክ መብላቷ አይቀርም። ስለዚህ ለፊት 639 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለውን 215/60 አር 15 ወሰድኩ፤ ለኋላ ደግሞ 663 የሆነውን 235/60 አር 15። የኋላው በስሌቱ ከባሌስትራው 22፣ ከፓራፋንጎው 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። አካሉን በማቆሚያ ደግፌ ዲፈረንሻሉን አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ በክሪክ ወደ ላይ ስገፋውም የትም አልነካም። ጉዳቱ ፊቱንና ኋላውን እያቀያየሩ መጠቀም አለመቻሉ ነው፤ እሱን ተቀብያለሁ።

የቀረው አጭር ነው። የ1968 የፋብሪካ አላይመንት ልክ የተጻፈው ለዚያ ዘመን ባያስ ጎማ (የውስጥ ክሮቹ በሰያፍ ለሚሄዱት) ስለነበረ፣ ለራዲያል ካስተሩን፣ ማለትም የፊት ጎማው መዞሪያ ዘንግ ወደ ኋላ የሚያጋድልበትን ልክ፣ ወደ አዎንታዊው ወገን ከፍ አስደረግኩት፤ መሪው ቀድሞ እንደነበረው መቅበዝበዙን ተወ። ዳዶዎቹን ከ50 ማይል በኋላ እንደገና ፈተሽኩ፤ ሁለቱ ትንሽ ላልተው ተገኙ። የፍጥነት መለኪያው በትልቁ የኋላ ጎማ ምክንያት 3 በመቶ ዘግይቶ፣ 60 ሲያሳይ ስልኬ 62 ይላል። በማርሽ ሳጥኑ ጅራት ላይ ያለችውን፣ መለኪያውን የምታንቀሳቅሰውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በሌላ ቁጥር መቀየር ያስተካክለዋል፤ ጥርሷ ታዝዛ መጥታለች፣ ከሦስት ወር ጀምሮ የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ተቀምጣለች። ባለ 17ቱ ቸርኬ ደግሞ ምድር ቤት ከካምሪው ጎን ነው፤ የሚገዛኝ ካገኘሁ ባክስፔሲንጉን በጠመኔ ጀርባው ላይ ጽፌበታለሁ።