የሉባ የእንጨት ትራስ፦ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ

በደቡብ ምሥራቅ ኮንጎ የሉባ ሕዝብ ይጠርበው የነበረውን የአንገት ትራስ፣ እኛ በርኩማ የምንለውን ዓይነት ማለት ነው፣ በእጄ ለመሥራት መሞከር ከጀመርሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሁለቱ ተበላሽተውብኛል፤ ሦስተኛው ግን ቆሞልኛል።

ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ስሙ ያልተመዘገበለትና አጥኚዎች በሥራው ጠባይ «የፏፏቴ ሹሩባ ባለሙያ» ብለው የሚጠሩት የ19ኛው መቶ ዘመን ጠራቢ ነው። እርሱ የቀረጻቸው ሴቶች አንገት የሚያርፍበትን መደብ በራሳቸው ተሸክመው ሲታዩ፣ ጠጉራቸው ግራና ቀኝ እርከን በእርከን እየሰፋ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ሹሩባ ለመሥራት እስከ 50 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ በጥንቃቄ ከተያዘም ሁለት ሦስት ወር ይቆይ ስለነበር፣ ሌሊት እንዳይፈርስ የሚጠብቀው ይኸው ትራስ ነበር። (በአገራችንም የሐመር ወንዶች በሸክላ አፈር የተለሰነ ጠጉራቸውን በርኮቶ በሚሉት ትራሳቸው ይጠብቃሉ።)

ትራሱ የሚወጣው ከአንድ ግንድ ነው፤ ችግሬም የጀመረው ከዚያ ነው። የመጀመሪያውን እርጥብ ዋንዛ ከነእምብርቱ ስለጠረብሁት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመሐሉ ወደ ዳር ተሰነጠቀ። ለሁለተኛው ግንዱን ፈልጬ እምብርቱን አወጣሁ፤ እንጨቱ ቶሎ የሚደርቀው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ስለሆነም ጫፎቹን በቀለጠ ሻማ ለበጥኋቸው። አልተሰነጠቀም፤ ነገር ግን ቃጫው ከታች ወደ ላይ ይሄድ ስለነበር የመደቡ ክንፍ በመሮ አንድ ምት እንደ ብስኩት ተገነጠለ። በሦስተኛው ቃጫውን በመደቡ ርዝመት አጋደምሁት። ይህ ደግሞ መደቡን የሚሸከመውን ምሰሶ ያደክመዋልና ወፍራም አድርጌ ተውሁት። በአንዳንድ የሉባ ትራሶች ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ሴቶች እግራቸውን ማጠላለፋቸውና እጃቸውን አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ማሳረፋቸው ለውበት ብቻ እንዳልሆነ የተሰማኝ ያኔ ነው፤ ሸክሙ በአንድ ቀጭን እንጨት ላይ አይወድቅም።

ቁመቱ 17 ሴንቲሜትር የሚሆነውን ትራስ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ተኛሁበት። በጀርባ ሲተኙበት ማጅራትን ይቈረቍራል። በጎን ተጋድመው ከጆሮ በታች ሲያሳርፉት ግን ትከሻ ከመሬት የሚያርቀውን ክፍተት ልክ ይሞላዋል፤ ጠጉርም አንዳች ሳይነካው አየር ላይ ይቀራል።

የሹሩባውን እርከኖች ገና አልነካኋቸውም። ለጊዜው በልብስ ሳሙና ላይ እየተለማመድሁ ነው፤ እስከ አሁን ጠርዛቸው ሳይሸረፍ የወጡልኝ ሁለት እርከኖች ናቸው።